ስፓኒሽ በሰኞ ማክሰኞ



በዚህ ወር የምናነሳው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን «ምን አስፈለገን?» ሳያሰኝ አይቀርም። ይኸውም ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ላይ የሚገኙ ልጆችን የስፓኒሽ ቋንቋ በጨዋታ ማስጀመር ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከመልሱ እንጀምር።

ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን ከእነዚህ አንዷ በአህጉራችን የምትገኘው ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስድስት ኦፊሴላዊ ቋንቋዎችም አንዱ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቤታቸው ስለሚነጋገሩበት፣ በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች የጎረቤትና የክፍል ጓደኛ ቋንቋ ነው። ለአገራችንም ቢሆን ጨርሶ ባዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች ወደ ኩባ ተልከው «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ» (የወጣቶች ደሴት) በተባለችው ደሴት ተምረዋል። የዚያን ጊዜዎቹ ልጆች ዛሬ ወላጆችና አያቶች ናቸው። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሻይ ጋብዛችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አጫውቱት፤ ከብዙ መጻሕፍት ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ዋናው ጉዳያችን የቋንቋው ጥቅም አይደለም፤ አጀማመሩ ነው። የዛሬ ልጅ ትምህርት ቤት አለበት፣ ቂርኣት አለበት፣ የቤት ሥራ አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ደብተር ጨምረን «ይህን ሸምድድ» ብንለው ስፓኒሽን ብቻ ሳይሆን መማርን ራሱን ሊጠላብን ይችላል። አንዴ የተጠላ ትምህርት ደግሞ በልመናም በቁጣም አይመለስም። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ ደብተር አትጨምሩ፤ አዲስ መጫወቻም አትግዙ፤ ልጁ የሚያውቀውን ጨዋታ እንዳለ ትታችሁ በውስጡ ያሉትን ቃላት ብቻ ለውጡ።

ልጃችን የያዘው ስንቅ

ብዙ ወላጆች «እኛ ራሳችን የማናውቀውን እንዴት እናስተምራለን?» ይላሉ። ነገር ግን አማርኛ የሚናገር ልጅ ወደ ስፓኒሽ የሚሄደው ባዶ እጁን አይደለም።

በመጀመሪያ ስፓኒሽ ያሉት አናባቢ ድምፆች አምስት ብቻ ናቸው። አምስቱም በፊደላችን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ላይ ይገኛሉ፦ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ ኦ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚቸገሩበትን የእኛ ልጅ በፊደል ገበታ ላይ ጨርሶታል። ስፔናውያን በላዩ ላይ ምልክት አድርገው የሚጽፉት ድምፅ ደግሞ ለእኛ ራሱን የቻለ ፊደል አለው፤ እርሱም «ኘ» ነው። «ኒኞ» ማለት ሕፃን ልጅ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማጥበቅና ማላላትን እናውቃለን። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት እንደሆነ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ልጅ አይሳሳትም። በስፓኒሽም «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ማለት ሲሆን፣ «ረ»ን አጥብቀን ምላሳችንን ስናንቀጠቅጥ «ፔርሮ» ውሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቁርኣን መቅራት የጀመረ ልጅ «ኻእ»ን ከጉሮሮው ማውጣት ለምዷል። የስፔኖች «ኾታ» የተባለው ፊደል ድምፅ ከዚያ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በአብዛኛው የስፔን ክፍል በ«ሲንኮ» (አምስት) መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ድምፅም ባለ ሦስት ነጥቧን የአረብኛ ፊደል «ሣእ»ን ይመስላል። በላቲን አሜሪካ ግን ተራ «ሰ» ስለሆነ ከዚህ በታች የጻፍነው በዚያው አነባበብ ነው።

አምስት ጨዋታዎች

1ኛ. «ማማ ዲሴ» (እማዬ ትላለች)። እናት ወይም ታላቅ እህት ትእዛዝ ትሰጣለች፦ «ሳልታ» (ዝለል)፣ «ኮርሬ» (ሩጥ)፣ «ፓራ» (ቁም)፣ «ሲዬንታቴ» (ተቀመጥ)፣ «ቶካ ላ ናሪስ» (አፍንጫህን ንካ)። መጀመሪያ አብራችሁ እየሠራችሁ አሳዩአቸው። ሲለምዱት ደንቡን አምጡ፦ «ማማ ዲሴ» ካልተባለ በስተቀር ማንም አይንቀሳቀስም። አባት ሲያጫውት «ፓፓ ዲሴ» ይባላል። የተሳሳተ ልጅ ከጨዋታው አይወጣም፤ ይልቁንም ቀጣዩ አዛዥ እርሱ ይሆናል፤ ምክንያቱም ልምምዱ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባስተዋወቁት ዘዴ ተማሪው እንዲናገር ሳይገደድ ትእዛዝ እየሰማ በሰውነቱ እየፈጸመ ቋንቋ እንዲለምድ ይደረጋል። መነሻቸው ሕፃን አፍ የሚፈታበት መንገድ ነው። እኛም ሕፃኑን «ና»፣ «እንካ»፣ «ቁጭ በል» ስንለው መናገር ሳይችል ይታዘዘን የለም? መስማት ይቀድማል፤ መናገር ይከተላል።

2ኛ. ሰኞ ማክሰኞ። ጨዋታው ስሙን ከቀናት ያገኘ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። መሬት ላይ ሰባት ቤት ሣሉና ልጁ በአንድ እግሩ እየዘለለ የየቤቱን ስም ይጥራ፦ «ሉኔስ፣ ማርቴስ፣ ሚዬርኮሌስ፣ ኹዌቤስ፣ ቢዬርኔስ፣ ሳባዶ፣ ዶሚንጎ»። «ሳባዶ» ቅዳሜ ነው፤ ከአረብኛው «ሰብት»ና ከእኛው «ሰንበት» ጋር ዘመድ መሆኑን ትልልቆቹ ልጆች ራሳቸው ይደርሱበታል። በአንድ ቀን ሰባቱንም አትጫኑ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቤት ይበቃል።

3ኛ. ድብብቆሽ። ፈላጊው ፊቱን ሸፍኖ እስከ አሥር ይቆጥራል፦ «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ፣ ኳትሮ፣ ሲንኮ፣ ሴይስ፣ ሲዬቴ፣ ኦቾ፣ ኑዌቤ፣ ዲዬስ»። ከዚያ «ዶንዴ ኤስታስ?» (የት ነህ? የት ነሽ?) እያለ ይፈልጋል። የተገኘው ልጅ «አኪ ኤስቶይ!» (እዚህ ነኝ!) ይላል። ዝናብ ከሆነ ቤት ውስጥ ዕቃ ደብቁ። ፈላጊው ከዕቃው ሲርቅ «ፍሪዮ» (ቀዝቃዛ)፣ ሲቀርብ «ካሊዬንቴ» (ትኩስ) በሉት። ይህን የስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ልጆችም በነዚሁ ቃላት ይጫወቱታል።

4ኛ. ሱቅ ሱቅ። ቆርኪ ገንዘብ፣ በርጩማው ባንኮኒ ይሁን። ገዢው «ኦላ» (ሰላም) ብሎ ይገባና «ዳሜ አሱካር፣ ፖር ፋቦር» (እባክህ ስኳር ስጠኝ) ይላል። ሻጩ ቆርኪውን በስፓኒሽ ቆጥሮ ይቀበላል፤ ገዢው «ግራሲያስ» (አመሰግናለሁ) ብሎ ይወጣል። ለዚህ ሱቅ የሚሆኑ ዕቃዎችን ስንመርጥ ለልጁ የሚቀሉትን እናስቀድም፦ ስኳር «አሱካር»፣ ዘይት «አሴይቴ»፣ ሩዝ «አርሮስ»፣ ሎሚ «ሊሞን» ነው። ስኒ ደግሞ «ታሳ» ይባላል፤ ጣሳን ያስታውሰናል።

ይህ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. ከ711 ጀምሮ ግራናዳ እጅ እስከሰጠችበት እስከ 1492 ድረስ በአንደሉስ በኖሩባቸው ወደ ስምንት ምዕተ ዓመታት የሚጠጉ ዘመናት አያሌ የአረብኛ ቃላት በአካባቢው ቋንቋ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። በ«አሱካር»፣ በ«አሴይቴ»ና በ«አርሮስ» መጀመሪያ ላይ ያለችው «አ» የአረብኛው «አል» ቅሪት ናት። በኮርዶባና በሴቪያ ከተሞች የሚያልፈው ታላቅ ወንዝ እስከ ዛሬ «ጓዳልኪቢር» ይባላል፤ ይኸውም «ዋዲ አል-ከቢር» (ታላቁ ወንዝ) ማለት ነው። ስፔናውያን አንድን ነገር ሲመኙ የሚሉት «ኦኻላ»ም «አላህ ቢሻ» ከሚል የአረብኛ አነጋገር የመጣ ነው። ዘይትና ስኳር «የሸጠ» ልጅ ከፍ ሲል ይህን ታሪክ ቢያነብ ቃላቱ ቀድመው በእጁ ናቸው።

5ኛ. እንቆቅልሽ። በአማርኛና በስፓኒሽ አንድ ዓይነት ድምፅ ኖሯቸው ትርጉማቸው ፈጽሞ የተለያየ ቃላት አሉ። ልጅ የሳቀበትን ቃል አይረሳምና እነዚህን ለእንቆቅልሽ እንጠቀምባቸው።

«በአማርኛ ንብ ትሠራዋለች፣ በስፓኒሽ መርከብ ይሄድበታል።» መልሱ «ማር» ነው፤ በስፓኒሽ ባሕር ማለት ነው።
«በአማርኛ ጉንፋን ያመጣዋል፣ በስፓኒሽ ወጥ ያጣፍጣል።» መልሱ «ሳል»፤ ጨው።
«በአማርኛ ሊጡ ሆነ፣ በስፓኒሽ እንጀራውን ጎረሰ።» መልሱ «ቦካ»፤ አፍ።
«በአማርኛ ሥጋ ይቆርጣል፣ በስፓኒሽ በውዱእ ይታጠባል።» መልሱ «ካራ»፤ ፊት።
«በአማርኛ ያጠፋ ይከፍለዋል፣ በስፓኒሽ ቤተሰብ ይኖርበታል።» መልሱ «ካሳ»፤ ቤት።

መልሱን ያጣው እንደ ወጉ «አገር ስጠኝ» ይባላል። በዚህ ጨዋታ የሚሰጠው አገር ግን ስፓኒሽ የሚነገርበት ይሁን፦ ፔሩ፣ ኩባ፣ ቺሊ፣ ሜክሲኮ። ተቀባዩም አገሩን በካርታ ላይ ካላሳየ ስጦታው አይጸናም። ኳስ ተጫዋቾቹ ወንዶች ልጆችማ አንድ ቃል ቀድመው ያውቃሉ፤ ኳስ በእጅ ሲነካ «ማኖ!» ብለው የሚጮኹት ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በስፓኒሽም «ማኖ» እጅ ነው።

ለወላጆች ጥቂት ማሳሰቢያ

ጊዜው አጭር ይሁን። በቀን 15 ደቂቃ፣ ለምሳሌ ከዐስር በኋላ፣ ይበቃል። ልጁ «እንደገና!» እያለ ሳለ ማቆም፣ ሰልችቶት እስኪነሳ ከመጠበቅ ይሻላል። በሳምንት ከአምስት አዳዲስ ቃላት አትለፉ። በወር 20 ቃል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን እየሮጠና እየሣቀ የያዘው 20 ቃል ሸምድዶ በማግሥቱ ከሚረሳው 100 ቃል ይበልጣል።

እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጠርታችሁ «እስቲ ስፓኒሽህን አሰማቸው» አትበሉ። ጨዋታው በዚያች ቅጽበት ፈተና ይሆንበታል፤ አፉም ይታሰራል። ቃል ሲሳሳትም «ተሳሳትክ» ከማለት ትክክለኛውን በጨዋታው መሐል ደግማችሁ መጥራት ይበቃል። «ኳትሮ»ን ዘልሎ «ሲንኮ» ካለ እናንተ በተራችሁ «ትሬስ፣ ኳትሮ፣ ሲንኮ» በሉ፤ ጆሮው ያርመዋል።

የቃላቱን ትክክለኛ ድምፅ ለመስማት ዛሬ ስልክ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ነገር ግን ስልኩን ለልጁ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ቀድማችሁ ራሳችሁ አድምጡ፣ አምስቷን ቃል ያዙ፣ ከዚያ ተጫወቱ። ስልክ ቃሉን ያሰማል እንጂ አብሮ አይደበቅም፣ አብሮ አይዘልም። ልጁ ቃሉን የሚወደው ቃሉን ያመጣለትን ሰው ስለሚወድ ነው። እናንተ ቋንቋውን አለማወቃችሁም እንቅፋት አይደለም፤ እናቱ ከእርሱ ጋር አብራ ስትማር የሚያይ ልጅ አለማወቅ እንደማያሳፍር፣ መማር የትልልቆችም ሥራ እንደሆነ ይረዳል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አደራ እንላለን። አዲሱ ቋንቋ የአማርኛውን ወይም የሌላውን የእናት ቋንቋ ቦታ እንዳይወስድ። ከላይ እንዳያችሁት እንቆቅልሹ የሚያስቀው አማርኛውን ለሚያውቅ ልጅ ብቻ ነው። የጨዋታውን ደንብ በአማርኛ አስረዱ፤ ሣቁም በአማርኛ ይሁን። ልጁ ሁለተኛውን ቤት የሚሠራው የመጀመሪያውን ሳያፈርስ ነው።

ወጣት አንባቢዎቻችንም ይህ የወላጅ ሥራ ብቻ ነው አትበሉ። ታናናሾቻችሁ ከእናትና ከአባት ይበልጥ የሚከተሉት እናንተን ነው። በትምህርት እረፍት ቀን ሩብ ሰዓት ለእነርሱ ብትሰጡ እናታችሁም ታርፋለች፣ እናንተም አንድ ቋንቋ ትጀምራላችሁ። የቋንቋዎቻችን መለያየት በሱረቱ ሩም 22ኛ አንቀጽ ከአላህ ታምራት መካከል ተጠቅሷል። ታምር የሆነን ነገር ደግሞ ልጅ በግርምትና በደስታ ቢቀበለው ይገባዋል።

እንግዲህ ጠመኔውን አዘጋጁና ከሦስቱ ቤቶች ጀምሩ፦ ሉኔስ፣ ማርቴስ፣ ሚዬርኮሌስ። ለሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ በሌላ ርዕስ እንገናኛለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።