ተሸናፊ ይከፍላል



ከአጠና ተራ እስከ ቤተል፣ ከኮልፌ 18 እስከ ዓለም ባንክ ፕሌይስቴሽን ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቻችን በጠባብ ክፍል ተደርድረው ፊፋ ይጫወታሉ። ጨዋታው ሶላትና ትምህርት እስካላስረሳ ድረስ እኛን ብዙም አያስቆጣንም። የሚያሳስበን የክፍያው ደንብ ነው። «ተሸናፊ ይከፍላል» ይባላል፤ የሁለቱም ሒሳብ ከተሸነፈው ልጅ ኪስ ይወጣል። ደንቡ ከከረንቦላና ከጆተኒ ቤት የተወረሰ ስለሆነ አባቶችም ያውቁታል። ገንዘቡ ጥቂት በመሆኑ ግን ማንም ቁማር ብሎ አይጠራውም። ሆኖም ሁለት ሰዎች ገንዘባቸውን በውጤቱ ላይ አስይዘው አንዱ ሲያተርፍ ሌላው የሚከስር ከሆነ፣ ዑለማዎች መይሲር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚያች ክፍል እስከ ውርርድ ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው። ማስታወቂያው ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው ቢልም፣ በታላቅ ወንድም ስልክ የሚወራረደውን ታዳጊ ማን ያየዋል? ውርርዱም በእግር ኳስ ብቻ አልቀረም። ሌሎች ሰዎች በሩቅ አገር ተቀምጠው በሚጫወቱት ፊፋና ካውንተር ስትራይክ፣ ማለትም ኢ-ስፖርት በሚሉት ላይም ገንዘብ ይያዛል። «ቨርቹዋል» የሚባለው ደግሞ ተጫዋች እንኳ የለውም። ውጤቱን ኮምፒውተር በዕጣ ያወጣዋል፤ በየጥቂት ደቂቃውም አዲስ ግጥሚያ ይጀመራል። ቅዳሜን መጠበቅ ቀረ ማለት ነው!

ታዲያ «በኃላፊነት ይጫወቱ» የሚል ምክር አብሮ ይመጣል። ገደብ አብጁ፣ ተበድራችሁ አትወራረዱ፣ የከሰራችሁትን ለማስመለስ አትሩጡ ይባላል። ሱስ የያዘውን ሰው ጉዳት ይቀንስ ይሆናል፤ ይህን አንክድም። ግን እስቲ እንደ ክፍል ተማሪ ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት እኩል ተጫዋቾች ቢገናኙና ለሁለቱም የተሰጠው ኦድ 1.85 ቢሆን፣ አንዱ ለዚህኛው 100 ብር፣ ሌላው ለዚያኛው 100 ብር ያስይዛሉ። አሸናፊው 185 ብር ይወስዳል። 15ቱ ብር ማንም አሸነፈ ማን የቤቱ ነው። ወጣቶቻችን የሚወዱት ግን አምስትና ስድስት ግጥሚያ የያዘ ትኬት ነው። በዚሁ ኦድ አምስት ግጥሚያ የተቆረጠበት 100 ብር በአማካይ የሚመልሰው 68 ብር ገደማ ብቻ ነው። ትኬቱ ሲቃጠል «አንዷ ናት ያበላሸችብኝ» ይላሉ፤ ሒሳቡ ግን አስቀድሞ የተበላሸ ነበር። እንግዲህ በኃላፊነት የሚወራረደው ልጅ በዝግታ ይከስራል እንጂ ሌላ ምን ያገኛል?

«እኔ ጨዋታውን አውቃለሁ» የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ኮሪያ ስታርክራፍት የተባለው ጨዋታ ዝነኛ ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው ሆን ብለው መሸነፋቸው ተጋለጠ፤ ዕድሜ ልካቸውንም ታገዱ። በእነሱ ላይ ገንዘባቸውን ያስያዙ ሁሉ ጨዋታውን እናውቃለን ባዮች ነበሩ።

በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ግመል አርደው በቀስት ዕጣ ሥጋውን ይቋመሩበት ነበር። ያሸነፈው ብዙ ጊዜ ሥጋውን ለድሆች ይሰጥ እንደነበር ተፍሲሮች ይነግሩናል። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራህ ጥቅም እንዳለው ሳይክድ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ አሳወቀ፤ በሱረቱል ማኢዳህ ደግሞ ከአስካሪ መጠጥ ጎን አስቀምጦ ከለከለው። ለድሃ የሚበላው ያ ቁማር ካልተፈቀደ የዛሬው በምን ይፈቀዳል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጓደኛውን ወደ ቁማር የጠራ ሰው ሶደቃ እንዲያወጣ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። መጥራቱ ብቻ ነው ይህን ያስከተለው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ካገኛችሁት ዱላውን አስቀድማችሁ አታንሡ። ዱላ የፈራ ልጅ ዕዳውን በሌላ ትኬት ሊከፍል ይሞክራልና። ለማን ስንት እንዳለበት ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ዕዳውን እናንተ ቀስ በቀስ ክፈሉ፣ ወይም ሠርቶ እንዲከፍል አድርጉ። ገንዘቡን ለጥቂት ወራት በእጁ ባይዝ ይሻላል። ከውርርድ ያገኘው ብር በእጁ ካለ ባለቤቱ ከታወቀ ይመለስ፤ ካልታወቀ አጅር ሳይታሰብበት ለችግረኛ ይሰጥ።

ወጣቶች ውድድር ማዘጋጀት ቢፈልጉ ሽልማቱን ከተጫዋቾቹ መዋጮ አያውጡት። አንድ አጎት ወይም ጎረቤት ኳስ ወይም መጽሐፍ ገዝቶ ይሸልም። ለፕሌይስቴሽኑ ደግሞ ያሸነፈውም የተሸነፈውም የየራሱን ድርሻ ይክፈል። የቤቱን ባለቤት ቀርበን ብናነጋግረው እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየንም፤ የሚደርሰው ገንዘብ ያው ነው።