ቢላው ለኛ፣ ስድቡ ለቀጥቃጩ

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ትንቅንቅ ለአፍታ ዞር ብለን ጓዳ እንግባ። ጓዳ ውስጥ ቢላ አለ። የፋሲካውን በግ ያረድንበት፣ ቁርጡን የቆረጥንበት ቢላ። ለመሆኑ ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከቻይና በመርከብ የመጣ ከሆነ ተውት፤ እሱ ሁለተኛው በዓል ሳይደርስ ይዶለዱማል። የቀንድ እጀታ ያለው፣ ጀርባው ላይ የመዶሻ ምልክት የቀረበት የሀገር ቢላ ከሆነ ግን ሠሪውን በስም ባታውቁትም በስድቡ ታውቁታላችሁ። እናንተ ባትሰድቡት እንኳ አያቶቻችሁ ሰድበውታል።

በቅርቡ ለእናቴ የሚሆን ቢላ ፍለጋ መርካቶ ወርጄ ነበር። ምናለሽ ተራን የማያውቅ የለም፤ በርሜሉ ምጣድ፣ ቆርቆሮው ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። የመዶሻው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ከዚያ ሁካታ ፈንጠር ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ወናፍ ያስነፋሉ። ክፍሏ ጨለማ ናት። በትንሿ መስኮት ላይ ማዳበሪያ ተወጥሯል።

«ጋሼ፣ ለምን መስኮቱን አይከፍቱትም? ዓይንዎ ይጎዳል እኮ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ብርሃን ከገባ ብረቱን አላየውም፣ ልጄ።»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቢላው የሚሠራው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ድሮ አባቶቻቸው ብረቱን ራሱን ከአፈር እያቀለጡ ያወጡ ነበር፤ ዛሬ ግን ብረቱ ከጋራዥ ይገኛል። ታዲያ ባሌስትራው ከሰሉ ውስጥ ሲግል መጀመሪያ ደም ይመስላል፣ ቀጥሎ የበሰለ ብርቱካን፣ ከዚያ እየነጣ ይሄዳል። ከነጣ አበቃለት፤ ፍንጣሪ ይረጫል፣ ይቃጠላል። ሳይደርስ ከተመታ ደግሞ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚለየው ዓይን ነው። በጠራራ ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለሙ አይለይም። ሙቀት መለኪያቸው ጨለማው ነው ማለት ነው!

እንግዲህ ይቺን አስቡልኝ። ለስንት መቶ ዓመት «ቀጥቃጭ ጨለማ ውስጥ ከእሳት ጋር የሚነጋገር ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ስንል የኖርነው ሰውዬው ትምህርቱን ሲሠራበት ነው።

ከመስፉ ላይ አውጥተው፣ መልሰው እሳት ውስጥ ከተው፣ እንደገና ቀጥቅጠው ቅርጹን ካስያዙ በኋላ እስኪቀዘቅዝ አመድ ውስጥ ቀበሩት። አመዱ ሙቀቱን ቀስ አድርጎ ስለሚለቀው ብረቱ ይለሰልሳል፤ ያኔ ሞረድ ይበላዋል። ስለቱን በሞረድ ካወጡ በኋላ አንድ ጊዜ አግለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። ለምን ውኃ አይሆንም? «ባሌስትራ ውኃ አይወድም፤ ጭው ብሎ ይሰነጠቃል።» ከዘይቱ ሲወጣ እንደ ብርጭቆ ጠንካራ ነው፣ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ስለዚህ አጽድተው ጀርባውን ከፍሙ ጠርዝ ላይ አስጠጉትና ዝም ብለው አፍጥጠው ተመለከቱት። ነጩ ብረት ላይ የገለባ ቀለም ብቅ ሲል በጉጠት መንጭቀው አወጡት። ትንሽ ቢዘገዩ ሰማያዊ ይሆንና ለስፕሪንግ እንጂ ለቢላ አይሆንም። በመጽሐፍ ስታዩት ይህ የገለባ ቀለም ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ የሚል ሙቀት ነው። እሳቸው ቁጥሩን አያውቁትም፤ እኔ ደግሞ ዲፕሎማ ይዤ ቀለሙን አላየሁትም። «አየኸው?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። ዋሸሁ።

እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። ወይራም ያደርጋሉ፤ እናቴ ግን ቀንድ ነው የምትወደው። ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ሙቀት ሰርጎ የለፉበትን እንዳያበላሸው ነው። ወደ እጀታው የሚገባውን ቀጭን ጭራ ብቻ አግለው ቀንዱ ውስጥ ሰኩት። ክፍሏ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተች። ቀንዱ በጋለበት ለስልሶ ብረቱን ያቅፈዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ባለሥልጣኖቻችን እንመለስ፤ መቼም ከነሱ ርቀን የትም አንሄድ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ማንም ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ልዩነት እንዳይደረግበት ይደነግጋል። ወረቀቱ ሞልቷል። በየመድረኩ ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት መስማት ከጀመርንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነን። ግን በየብሔሩ ውስጥ የተረገጠው ብረት ሠሪ የየትኛው ድርጅት አጀንዳ ሆኖ ያውቃል? አማራው ቀጥቃጭ ይለዋል፣ ኦሮሞው ቱምቱ፣ ሶማሌው ቱማል። በሌላ ሌላው የማይስማሙ ሕዝቦች ይህን ሰው በመናቅ ሲስማሙ አይገርምም? ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ ያተረፉት «ቡዳ» መባልን ነው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወገኖቻቸው በአውሮፕላን ተጭነው ሲሄዱ ሙያውም አብሮ ሄደ፤ «ምን አጎደልን?» ብሎ የጠየቀ ሹም አላየንም።

ፉከራው ላይ ግን ማን ይችለናል! ቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን አምሳያ አቁመን ፎቶ እንነሣለን። ንጉሡ ጋፋት ላይ ያን መድፍ ሲያሠሩ ወናፍ የሚነፋና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነው የፈለጉት፤ ዘር የሚቆጥር አይደለም። እኚህ የኔው ሰውዬ መሥሪያ ቦታ ልጠይቅ ብለው አንድ ቢሮ ሄደው ነበር። «የሙያ ማረጋገጫ አምጣ» ተባሉ። ቢላ መዘው ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡ ዘበኛ ተጠራባቸው። እየሳቁ ነው ያጫወቱኝ፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። አንዱ ሾፌር ነው፣ አንዱ ሞባይል ይጠግናል። አንዳቸውም መዶሻ አንሥተው አያውቁም። ሰነፎች ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ አባትየው ራሳቸው ከለከሏቸው። «ቀለሙን ለማን ያስተምሩታል?» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልለው አቀበሉኝና ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱ። ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ጋዜጠኛ ነኝ አላልክም? ስሜን እንዳትጽፍ። ልጄ ሽማግሌ ተልኮላታል።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ታላቅ እህቷም ተልኮላት ነበር» አሉ ወደ ወናፉ እየተመለሱ። «የልጁ ዘመዶች የማን ዘር ነች ብለው ሲያጣሩ እዚህ ድረስ መጡ። እዚህ በር ላይ ቆመው አይተውኝ ሄዱ።»

ስማቸውን አልጻፍኩም። ክፍሏ በየት በኩል እንደሆነችም አልናገርም።