ሐምሌ ያመጣት እንግዳ

ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ እንዳባራ የስድስት ዓመቷ ልጄ እጇን ጨብጣ ገባች። መዳፏን ስትከፍተው እንደ ቀለበት የተጠቀለለች ጥቁር ሺ እግር ነበረች። እኔ ጮኽኩ፤ አማቴ ጫማቸውን አወለቁ። ልጄ ግን፣ «አያቴ፣ ጅብ እንኳን በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ ይወጣል፤ እሷ ምን አደረገች?» አለቻቸው። ሐረር ላደገ ሰው ለዚህ መልስ አይገኝም። ጫማው ወደ እግር ተመለሰ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ከመጣ ቶሎ አትፍሩ። ሺ እግር አትናከስም። ስትደነግጥ ግን ከጎኗ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ቆዳ ላይ ቀለም ይተዋል፣ ዓይን ከነካ ክፉኛ ያቃጥላል። ስለዚህ ከነኳት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ጠፍጣፋዋና ፈጣኗ መቶ እግር ሌላ ናት፤ ያቺ ትናከሳለች፣ ልጆች አይንኳት።

«ሺ» የሚለው ስም እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች የምንወደው ዓይነት ማጋነን ነው። በእርግጥ ከሺ በላይ እግር ያላት ዝርያ ለዓለም የተዋወቀችው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ከመሬት በታች የተገኘች ሲሆን፣ 1,306 እግሮች ተቆጥረውላታል።

ማኖሪያዋ ቀላል ነው። ክዳኑ የተበሳሳ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቢያንስ የእሷን ርዝመት ያህል ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር፣ በላዩ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት። ዋና ምግቧም ይኸው ነው። አልፎ አልፎ ዱባ፣ ለቅርፊቷ ጥንካሬ ደግሞ የተደቆሰ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩላት። ከተማችን ውስጥ በነጻ የሚትረፈረፈው ቅጠል የጫት ገራባ ነው፤ እሱን ግን ተዉት፣ መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥቅምት ላይ ጠፋች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስላልታየች ሞታለች ብዬ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች አፈሩን በማንኪያ ቆፈርኩት። ታች፣ ትንሽ ጓዳ ሠርታ፣ ገርጥታና ልስልስ ብላ ተኝታለች። የድሮ ቅርፊቷን እየገፈፈች ነበር። በዚህ ጊዜ መነካት የለባትም፤ እኔ ግን ጓዳዋን አፍርሼ ጎኗን ነካሁት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

«አርጅታ ነው» ልላት አስቤ ነበር። ባለቤቴ «እውነቱን ንገሪያት» አለኝ፤ ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አፈሩን እንዳልደፋ ግን በአያቷ በኩል መልእክት ላከችብኝ።

ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉን ስታገላብጥ የጮኸችው እሷ ናት። ነጫጭ፣ ክር የሚያካክሉ ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ። ለካ እናትየው እንቁላሏን ቀደም ብላ አፈሩ ውስጥ ጥላ ኖሯል። ሲፈለፈሉ በአብዛኛው ሦስት ጥንድ እግር ብቻ ነው ያላቸው፤ ቅርፊት በገፈፉ ቁጥር እግር ይጨምራሉ። ልጄ በማጉያ መነጽር ትቆጥራቸዋለች፤ እስከ ትናንት 14 ደርሰዋል። የወጥ ቤቱን ማንኪያዎች ግን የት እንደደበቀቻቸው እስካሁን አልነገረችኝም።