የተማረ ኃይል ፍልሰት፦ ወጪው የማን፣ ትርፉ የማን?

በቅርቡ በሮቤ ከተማ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ በተካሄደ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ በአጀንዳ ያልተያዘ ጉዳይ ከአጀንዳው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። የሰፈሩ ልጅ የሆነ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጀርመን አገር ሥራ አግኝቶ ሄዷል። አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «በልግም መኸርም ስንዴ አጭደን ያስተማርነው ልጅ ለሌላ አገር ኩባንያ ገባ። ይህ ክህደት ካልሆነ ክህደት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የልጁ እናት ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ኦቦ፣ ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ሲውል እርስዎም እኔም እናየው ነበር። ያን ጊዜ ማን ጠራው?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ በመሆኑ፣ ሁለቱንም ሲያዳምጥ ለማንኛቸውም ማጨብጨብ አልቻለም። አዛውንቱ ስለ ልጁ ልብ ተናገሩ፤ እናትየው ስለ ልጁ ችግር ተናገሩ። ጉዳዩ ግን ከአንድ ልጅ ጠባይ በላይ ነው። በበለጸጉና ባልበለጸጉ አገሮች መካከል ያለ የኢኮኖሚ ግንኙነት ነው፤ ግንኙነት ደግሞ በወቀሳ አይለወጥም።

ባለሙያ ከሰማይ አይወርድም። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ የሲናና ገበሬ፣ ኮምባይነር የሚነዳው ኦፕሬተር፣ ጆንያ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ የሚከፍሉት ግብር የአንደኛ ደረጃ መምህሩን ደመወዝ ይሸፍናል፤ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ለጀመረው ለመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም የመማሪያ ክፍልና ቤተ ሙከራ ያቆማል። በተመራቂው ጭንቅላት ውስጥ የተከማቸው የዚህ ሁሉ ሕዝብ ጉልበት ነው። እርግጥ ነው፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ዕዳውን ሳይከፍልም ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም። ነገር ግን የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀና አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ፣ በብር የተጻፈው ዕዳ በዩሮ ለሚከፈለው ሰው ቀላል ሆኗል። ከዚያ በላይ የወጣው ግን በውሉ ላይ ከቶውንም አልተጻፈም። ቡና ወደ ውጭ ሲላክ በኪሎ ተመዝኖ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ዋጋው ቢያንስም እንኳ ይከፈላል። ባለሙያ ሲላክ ሚዛንም ደረሰኝም የለም።

ተቀባዩ ወገን ይህን ሒሳብ አሳምሮ ያውቃል። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1955 ከጣሊያን፣ በ1961 ከቱርክ ጋር ውል ተዋውላ ለፋብሪካዎቿ ክንድ አስመጣች። በ2000 ደግሞ አሁን የተዋሐደችው ጀርመን እስከ 20 ሺህ ለሚደርሱ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የአምስት ዓመት ፈቃድ ከፈተች። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 «ሰማያዊ ካርድ» የተባለውን ሕግ አወጣ፤ በ2021 አሻሽሎም በኮምፒዩተር ሙያ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው ሰው ያለ ዲግሪ እንዲገባ በር ከፈተ። ክንድ ሲፈለግ ክንድ፣ ጭንቅላት ሲፈለግ ጭንቅላት ተጠራ ማለት ነው። ለዚህ አያሌ ዓመት የማሳደግና የማስተማር ወጪ የከፈለው ማን እንደሆነ በሕጉ ውስጥ አንድም አንቀጽ አይጠይቅም።

በሩ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ጀርመን በ2024 በጀመረችው የ«ዕድል ካርድ» ሥራ ሊፈልግ የሚሄድ ሰው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ማሳየት አለበት፤ ይህን በዝግ የባንክ ሒሳብ የሚያሳይ ሰው ከ12 ሺህ ዩሮ በላይ ያስቀምጣል። በሮቤ ገበያ ጆንያ የሚሸከም አባት ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ደርሶ የተቀጠረው ወጣትም በወንበርና በኮምፒዩተር ፊት ስለተቀመጠ ከሠራተኛው መደብ የወጣ እንዳይመስለው። የሰማያዊ ካርድ ባለቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሥራውን ቢያጣ፣ ሕጉ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ በእርግጠኝነት የሚታገሠው ለሦስት ወር ነው። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ለእርሱ ቅንጦት አይደለም። በጀርመን ሕግ አምስት መራጭ ሠራተኞች ባሉበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ምክር ቤት መምረጥ ይቻላል፤ የሚሄድ ሁሉ ከቋንቋው ጋር ይህንንም ተምሮ ይሂድ።

«ታዲያ እንዝጋው!» የሚሉ አሉ። ታሪክ ይህን ፈትኖታል። ከ1949 እስከ 1961 ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው፣ በርካታ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ጭምር፣ ከምሥራቅ ጀርመን ወጣ፤ መንግሥት ግንብ ገነባ፤ ግንቡም በ1989 ፈረሰ። በእኛም አገር በደርግ ዘመን ለመውጣት ቪዛ ይጠየቅ ነበር፤ ሆኖም ስደቱ አልቆመም፤ ለትምህርት ተልከው ያልተመለሱትም ጥቂት አይደሉም። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጃግዲሽ ባግዋቲ በ1970ዎቹ ያቀረበው ሐሳብ የተሻለ ነበር፦ የፈለሰው ባለሙያ ከሚያገኘው ገቢ ግብር ተወስዶ ላስተማረው አገር ይመለስ የሚል። የበለጸጉት አገሮች ሐሳቡን ወደ ጎን አደረጉት። ሕዝባችን ግን ሊተወው አይገባም። ሠራተኛ ለመውሰድ ውል ሲዋዋሉን፣ የማስተማሪያው ወጪ የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ይሁን።

ይህን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ ግለ ሂስ ያስፈልገናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና የሒሳብ ሥርዓት የስዊዘርላንዱ ቴሜኖስ ኩባንያ ሥራ ነው። ሌላም ብዙ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ያንኑ ሙያ የተማረው ወጣት ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲዘጋ፣ አገሩ ተቀምጦ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ባለሙያ ምን ብሎ ለደንበኛው ይጻፍ? ሊጽፍበት የሚችለው መስመር ራሱ ተዘግቷል! በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መልካም ዕቅድ ነው፤ ከሥልጠናው በስተጀርባ ሥራ ከሌለ ግን ለሌላ ቀጣሪ ባለሙያ አዘጋጅቶ ማቅረብ ይሆናል። የጎባ ሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ፣ የሲናና ገበሬዎች የስንዴ ዋጋ መረጃ፣ የሮቤ ማዘጋጃ ቤት የግብር ሒሳብ፣ እነዚህ ሁሉ የፕሮግራም ሥራ ናቸው። ለአካባቢው ልጆች በውል፣ በደመወዝና በጊዜ ገደብ ይሰጡ። በነጻ አገልግሎት ስም ግን አይሁን፤ ያልተከፈለ ጉልበት ያው ያልተከፈለ ጉልበት ነው።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። እናትየው ከተቀመጡ በኋላ ሌላም ነገር ተናገሩ። ልጃቸው ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከዚያው ሆኖ በምስል ፕሮግራም መሥራት ሊያስተምር ፈቃደኛ ነው። የጠየቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ክፍል፣ የማይቆራረጥ መብራትና የኢንተርኔት መስመር። እኚያው አዛውንት እጃቸውን አውጥተው አዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ እንደሚውል አስታወሱ፤ ቁልፉም በእርሳቸው እጅ ነው። የመስመሩን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በሚቀጥለው ስብሰባ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል።