የወጋ ቢረሳ

በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ አንድ ወሬ ይናፈሳል። «እነዚህ የሊኑክስና የጌም ወዳጆች ምን ነካቸው? ትልቅ ኩባንያ በሰሙ ቁጥር ይበረግጋሉ፤ በነጻ የሰጧቸውን እንኳ ገልብጠው ያያሉ» ይባላል። ምቀኝነት ነው የሚሉም አልጠፉም። እኛ ግን ነገሩ የማስታወስ ጉዳይ ነው እንላለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!

እስቲ መዝገቡን እንግለጥ። የውጭውን ነገር የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። ሶኒ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ገዢው ከፈለገ ሊኑክስ ሊጭንበት ይችል ነበር። ይህን አይቶ የገዛ ብዙ ነው። በ2010 ኩባንያው በአንድ ማሻሻያ ያንኑ ችሎታ ነጠቀ፤ ምክንያቱም «ደኅንነት» ተባለ። ማሻሻያውን አልቀበልም ያለ ደግሞ ከኢንተርኔቱ ጨዋታ ተባረረ። ኧረ ለመሆኑ፣ የሸጡትን ዕቃ ገዢው ቤት ድረስ ገብቶ መቀነስ ምን ይባላል?

ዩቢሶፍት ደግሞ በ2014 «ዘ ክሩው» የተባለ የመኪና እሽቅድድም ጌም ሸጠ። በ2024 ሰርቨሩን ሲዘጋ ጌሙ ብቻውን ለሚጫወተው ሰው ሳይቀር ሞተ። ገንዘቡን የከፈለ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። «ጌም መግደል ይቁም» የሚለው ዘመቻ የተነሣው ከዚህ ነው፤ በአውሮጳ ኅብረት አገሮች የሰበሰበውም ፊርማ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ታዲያ ይህን ሁሉ ሕዝብ ምቀኛ እንበለው?

የማይክሮሶፍቱ አለቃ ስቲቭ ባልመር በ2001 ሊኑክስን ካንሰር ብሎት ነበር። ይኸው ኩባንያ በ2018 የክፍት ምንጭ ኮድ ትልቁ ጎተራ የሆነውን ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ግን በሚያውቁት አገር ነው የመጣው!

«አሁን እኮ ተለውጠዋል» የሚል ክርክር ይቀርብልናል። የሊኑክስን እምብርት የሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ የኩባንያ ደመወዝተኞች መሆናቸው እውነት ነው። ቫልቭም የዊንዶውስ ጌሞች በሊኑክስ ላይ እንዲሠሩ ብዙ ደክሟል። አንክድም። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ደግ ባለርስት ይሰጠን አላሉም። ደጉም ባለርስት ቢሆን ጢሰኛውን ባሻው ቀን ያስነሣዋልና!

ሰነድ በእጁ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ እንይ። አይቢኤም በ2019 ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2020 መጨረሻ ሬድ ሃት በነጻ የሚታደለው ሴንት ኦኤስ 8 እስከ 2029 መቆየቱ ቀርቶ በ2021 ያበቃል ብሎ ዐወጀ። ተጠቃሚው ጮኸ፤ ጮኾም አልቀረ። ፈቃዱ ኮዱን የመቅዳት፣ የማሻሻልና የማደል መብት በጽሑፍ ሰጥቶት ስለነበር በዚያው በ2021 አልማ ሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ተወለዱ። በ2023 ሬድ ሃት የምንጭ ኮዱን ለደንበኞቹ ብቻ አጥሮ ሲይዝ እንኳ ሁለቱም አልሞቱም። የፕሌይስቴሽኑና የ«ዘ ክሩው» ገዢዎች ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበራቸውም፤ ማልቀስ ብቻ ቀረላቸው።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1989 የጂፒኤልን ፈቃድ ሲያወጣ መብቱን ለማንም መልካም ፈቃድ አልተወውም፤ በሕግ ቋንቋ አሰረው። ጥርጣሬያችንም ከዚህ የተማረ ነው፤ ስድብና ጩኸት አይበቃውም፣ ሰነድ ይጠይቃል።

እንግዲህ ነገ ፕሮግራም ስንጭን፣ ጌም ስንገዛ፣ የሰጠን ማን እንደሆነ ከመመርመራችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ቢነጥቁን በእጃችን ምን ይቀራል?