ሁለት ሐይቅ፣ አርባ ምንጭ፣ ዋና የማይችል ልጅ

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ፎቶ ያያችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በሳቅ ገድላችሁኛል። «ቲቸር፣ የማንን ድንኳን ነቅለህ ነው የምትሮጠው?» ያለውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ያኔም ከኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጠው። ድንኳን አይደለም፣ ሸራ ነው። ጨዋታው ዊንድሰርፊንግ ይባላል። ቀልዱን ቀልዳችሁ ስታበቁ ግን ብዙዎቻችሁ «እዚህ ጫሞ ላይ ለምን አይጀመርም?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ይህን ረጅም ነገር ያስጻፈኝ እሱ ነው። መልሴን ከፊት ልንገራችሁ፦ ውሃ አለን፣ ንፋስ አለን፣ ዋና የሚያውቅ ልጅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እሱ ሳይቀድም ሸራው ቅንጦት ነው።

ፎቶው የላንጋኖ ነው። በጥቅምት አራት ጓደኛሞች ለሰርግ ሻሸመኔ ሄደን፣ በማግስቱ ሹፌሩ ወዳጃችን «እዚህ ድረስ መጥተን ላንጋኖን ሳናይ ልንመለስ ነው?» አለና መሪውን ወደ ሰሜን አዞረው። የመፀው ሰማይ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ረፋዱ ላይ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ከሰባት ሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሣ። ያ ቡናማ ውሃ እንደ ጤፍ ማሳ ይተኛ ይነሣ ጀመር፤ አሳ ያዘዝንበት ጠረጴዛ ጨርቁ በድንጋይ ተጫነ። እኛ ኮፍያችንን ስናሳድድ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት የራሱን ሳንቃና ሸራ አውጥቶ ውሃው ላይ ወጣ። ልጁ ሄደ አይባልም፣ በረረ ነው የሚባል። ሞተር የለ፣ መቅዘፊያ የለ። ሳንቃው ውሃውን ሲቀድ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ።

ሲመለስ ከበብነው። ሐበሻ ነን፣ እንሞክር አልነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ እሺ አለ፤ ገንዘብም አልጠየቀ። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከእናንተ ውስጥ ዋና የሚችል ማነው?»

እዚህ ላይ ታሪኩ ያምራል። ከአራታችን ሦስታችን የአርባ ምንጭ ልጆች ነን። በስተሰሜን አባያ፣ በስተደቡብ ጫሞ፣ መሃል ከተማውን ኩልፎ፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ምንጩ ሁሉ። እጁን ያወጣው አራተኛው ነው፤ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገው፣ ጣና ውስጥ ከዋናተኛ ጓደኞቹ ጋር ሲንቦጫረቅ የኖረው። ሹፌሩ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። እኔ፣ የስፖርት አስተማሪው፣ በልጅነቴ ኩልፎ ውስጥ የለመድኳት አንገት ቀና አድርጎ መንፈራገጥ አለችኝ። ላይፍ ጃኬት አጥልቆልኝ፣ ውሃው ደረቴ ላይ ከሚደርስበት እንዳልርቅ አስምሎኝ ፈቀደልኝ። ፎቶው የዚያን ጊዜ ነው።

የሚገርመው ጨዋታው ጉልበት አይደለም። ጀርባህን ለንፋሱ ሰጥተህ ሳንቃው ላይ ትቆማለህ፤ ውሃ ላይ የተኛውን ሸራ በገመድ ቀስ አድርገህ ታነሣዋለህ። የሸራው ምሰሶ ከሳንቃው ጋር የተያያዘው ወደየትም አቅጣጫ በሚዞር መገጣጠሚያ ነው፤ የፈጠራው ሁሉ ቁልፍ እዚያች ላይ ነው። መሪ የለውም። ሸራውን ወደ ፊት ስታዘነብለው ሳንቃው ከንፋሱ ይሸሻል፣ ወደ ኋላ ስታዘነብለው ወደ ንፋሱ ይዞራል። ፊት ለፊት ንፋሱ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ግራ ቀኝ እያልክ በዚግዛግ ነው የምትወጣው። እንደ ልጁ ከሆነ ጀማሪ ንፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ በሚነፍስበት ሰዓት አይወጣም፤ ወደ መሃል ይወስደዋልና። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነገር በ1984 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ ውድድር ሆነ (እኛ ያልሄድንበት ኦሊምፒክ ነው፣ የፖለቲካ ነገር)። እኔ ስንት ጊዜ ወደቅሁ? መቁጠር ትቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ግን፣ ምናልባት ለአሥር አሥር ሰከንድ፣ ንፋሱ ያዘኝና ሄድኩ። ለሱ ስል እንደገና ሻሸመኔ ሰው ቢያገባ ደስ ይለኛል።

የልጁ ጥያቄ ግን ከሆዴ አልወጣም። አርባ ምንጭ ድረስ አብሮኝ መጣ።

ዋና እንዴት እንደማስተምር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰው እሥላለሁ፤ የእጁን አቅጣጫ በቀስት አሳያለሁ። ከዚያ አንድ ደፋር ተማሪ ዴስክ ላይ በሆዱ ይተኛል፤ እጁን ይከፍታል ይዘጋል፣ እግሩን እንደ እንቁራሪት ይመታል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ «የደረት ዋናን አራት ደረጃዎች ጻፍ» ብዬ ፈተና አወጣለሁ። ጽፋችሁ አሥር ከአሥር ያገኛችሁ አላችሁ። ከመስኮቱ ወዲያ ግን ሐይቅ ይታያል። ደረቅ ዴስክ ላይ ዋና ስንማር ያየን ፈረንጅ ቢኖር ምን ይል እንደነበር እንጃ።

አሁን የሚከብደኝን ልበል። ከተማሪዎቼ አንዱን ውሃ ወስዶብኛል። ስሙን አልጠራም፣ ቤተሰቡ እዚሁ አለ፤ አብራችሁት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ነበር፣ ሚያዝያ፣ ከተማው ላይ ፀሐይ። ልብስ ሊያጥብ ኩልፎ ወረደ። ኩልፎ የሚነሣው ከላይ ከጋሞ ደጋ ነው፤ እዚያ ሲዘንብ እዚህ ታች ሰማዩ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፣ ውሃው ግን ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል። ደራሽ ውሃ የምንለው እሱን ነው። ልጁን የያዘው ከወንዙ መሃል ሳይሆን ከዳር ነው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ታዲያ አንድ ዓይነት ነበር፦ «አዞ ነው?» አዞ አይደለም። ውሃ ነው። ማንም ያላስተማረው ውሃ።

ይህን ስል አዞውን ቀላል እያደረግኩት አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። ጫሞ ላይ የአዞ ገበያ የምንለው ቦታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አባያ ዳር ምእመናን ሲያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ መገደላቸውን ዓለም ሁሉ ዘግቦታል። ጉማሬውም አለ። ስለዚህ ይህን አንብቦ ነገ ጫሞ ውስጥ ዘሎ የሚገባ ተማሪ ካለ እኔን አልሰማኝም ማለት ነው። ግን አዞው ሰበብ ሆኖናል። «አዞ አለ» እንላለን፤ በቃ፣ ውይይቱ እዚያ ያልቃል። አዞ በሌለበት ጉድጓድ፣ አዞ በሌለበት ኩሬ፣ አዞ በማይደርስበት የኩልፎ ክፍል ልጅ ሲሰጥም ምን እንላለን?

የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ለትምህርት ቤት ልጆች መሠረታዊ ዋናና ራስን ከውሃ የማዳን ትምህርት መስጠት ነው። ሜዳሊያ አላለም። መንሳፈፍ፣ ጀርባ ላይ መተኛት፣ ሳይደነግጡ እስከ ዳር መድረስ፣ ጓደኛ ሲሰጥም ዘሎ ከመግባት ይልቅ ዱላ ወይም ገመድ መወርወር። ከዕቃ አንጻር ከቅርጫት ኳስ አይከብድም፤ የሚከብደው ገንዳው ነው።

ስለ ሜዳሊያ ካነሣን፣ የሪዮውን ሮቤል ኪሮስን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የመጨረሻውን ሰዓት ሲያስመዘግብ አገር ሙሉ ሳቀበት፤ ሆዱ፣ ሰውነቱ፣ ምኑ ቅጡ። እንዴት ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር፣ እሱን አልተውም። ግን ያን ሰሞን «ከ100 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ስንቱ ነው 100 ሜትር መዋኘት የሚችለው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ፌስቡክ ላይ ብዙም አላየሁም። ከሳቁት ብዙዎቻችን ገንዳው መሃል ብንጣል መጨረሻ መውጣቱም አይገኝም ነበር።

የኛ ከተማ ደግሞ ሰበብ የለውም። የዩኒቨርሲቲያችን ሥር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ በ1979 ዓ.ም. ሲከፈት ለውሃ ተብሎ ነው እዚህ የተከፈተው። ካምፓሶቹን ሳይቀር ኩልፎ፣ አባያ፣ ጫሞ ብለን ሰይመናል። የእግር ኳስ ክለባችንን ቅጽል ስም «አዞዎቹ» ብለናል። የጫሞን አሳ በዳጣ እየበላን እንግዳ እናስተናግዳለን። ውሃው በስማችን፣ በማልያችን፣ በምሳችን አለ። ልጆቻችን እግር ሥር ሲሆን ነው የሚጠፋው።

«ሆቴሎቹ ገንዳ አላቸው» የሚል አይጠፋም። አላቸው። መግቢያውን ግን ለተማሪ ሒሳብ ሥሩት። እናቷ ሲቀላ ሙዝ የምትቸረችር ልጅ በየሳምንቱ ከፍላ ትገባለች?

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ያለ ነገር ነው። 25 ሜትር በ10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20፤ አጥር ያለው፣ ጠባቂ ያለው፣ ለትምህርት ብቻ የሚውል ገንዳ። የሚይዘው 300 ሜትር ኩብ ነው፣ ማለትም 300,000 ሊትር። ብዙ ይመስላል፤ ግን ውሃው እየተጣራ ደጋግሞ ይዞራል እንጂ በየቀኑ አይደፋም። ምንጮቹን አትንኩብኝ፤ እነሱ የምንጠጣቸው ናቸው፣ ደኑም የነሱ ነው። ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ቢሠራና ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ቢጠቀሙበት በቂ ነው። 60 ተማሪ በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ 15 ይገባል፣ ሌላው ዳር ቆሞ የማዳን ልምምድ ያደርጋል። ስንት ጊዜ ለጥርጊያ መንገድ፣ ለክለብ፣ ለበዓል አዋጥተናል? የጋሞ ሰው ማዋጣት አያቅተውም፤ አጀንዳ አልሆነም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሸራው እናውራ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ። ሴቻ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ከሰዓት በኋላ አባያን አይታችሁታል? የብሱ በፀሐይ ሲግል፣ ውሃው ሲዘገይ፣ አየሩ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሣል፤ ቀዩ ውሃ ላይ ነጭ ነጭ አረፋ ይታያል። ያ ሁሉ ጉልበት በየቀኑ መጥቶ ይሄዳል። አዞ ባለበት ውሃ ላይ ጀማሪ አይወድቅም፣ ስለዚህ አባያና ጫሞ ለዚህ ጨዋታ የሚሆኑበት ቀን ላይኖርም ይችላል፤ ይሁን። ዋና የሚችል የአርባ ምንጭ ልጅ ግን ላንጋኖም ሄዶ፣ ሐዋሳም ሄዶ፣ ጀልባ ነጂም፣ ሕይወት አዳኝም፣ ሐይቅ አጥኚም መሆን ይችላል። ጫሞ ላይ ቱሪስት ይዘው በሚወጡት ጀልባዎች ውስጥ ያለው ወንድማችን ራሱ ቢገለበጥ ይዋኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁት እስኪ። እኔ ሁለቱን ጠይቄ ሁለቱም ሳቁ።

እስከዚያው ገንዳው እስኪሠራ አንጠብቅ። ሆቴል ያላችሁ ወይም ሆቴል ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ገንዳችሁ ባዶውን ነው የሚውለው። ሁለት ሁለት ሰዓት ብትሰጡን 15 ልጅ ይዤ እመጣለሁ፣ ፊሽካዬንም ይዤ፤ ያ የባሕር ዳሩ ወዳጄ በነጻ ሊያሠለጥን ቃል ገብቷል፣ እዚህ የጻፍኩት እንዳይክድ ነው። ሃይድሮሊክስ ያጠናችሁ ልጆች የማጣሪያውን ነገር ሥሩልኝ፤ እኔ የሠራሁት የመምህር ሒሳብ ነው። ከሁሉ በላይ ዋና የምትችሉ ሴቶች በኢንቦክስ አናግሩኝ። ያለ ሴት አሠልጣኝ ሴት ልጁን የሚልክ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ኩልፎ ወርዳ ልብስ የምታጥበው ደግሞ በብዛት እሷ ናት።