ማጫወቻው አይከልከል፤ ስም የሌለው ድምፅ ግን ይብቃ

የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ የሥራ ፈት ዕቃ ነው የሚል አስተያየት በግቢያችን ውስጥ መሰማት ከጀመረ ሰነባብቷል። አንዳንድ መምህራኖቻችን «ሠልጣኙ ጆሮውን ደፍኖ ይሄዳል፤ ሰላም ሲሉት አይመልስም፤ ለማስተማር ልምምድ ሲወጣ ይህን ዕቃ ትቶት ቢሄድ ይሻላል» ይላሉ። የሰላምታው ነገር እውነት ነው፣ አንከራከርም። ዕቃው ይቅር የሚለውን ሐሳብ ግን አንቀበልም። የዕቃው ባለቤቶች እንደመሆናችን ጥቅሙንም ንዴቱንም በቅርብ እናውቀዋለንና በዚህ ግድግዳ ላይ የበኩላችንን ብንል ቅር የሚለው አንባቢ አይኖርም ብለን እንገምታለን።

በቅድሚያ ስለ ምን እንደምንናገር ግልጽ ይሁን። የምንናገረው ስለ ስልክ አይደለም። አውራ ጣት የምታህል፣ አንዳንዷ መስታወት ያላት አንዳንዷ የሌላት፣ ሚሞሪ ካርድ የምትጎርስ፣ ማዳመጫ ተሰክቶባት ዘፈን የምታሰማውን ኤምፒ3 ማለታችን ነው። «እንዴ፣ ስልክ እያላችሁ ይሄ ደግሞ ምን ያደርግላችኋል?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶናል። መልሱ አጭር ነው። ስልክ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ዳታ ይበላል፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ይጠራል። መብራት በጠፋ ማታ የቀረችው ባትሪ ለቤተሰብ መደወያ መቀመጥ አለባት። ከጅግጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቀብሪበያ ላይ ለልምምድ የሚሰነብት ሠልጣኝ ይህን ሒሳብ ሳይማር ያውቀዋል። ትንሿ ማጫወቻ ግን ማንንም አታስቸግርም። ከማንም ጋር አታገናኝም። ትልቁ ጥቅሟ፣ እንደኛ እምነት፣ እሱ ነው።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። ካሴት የተባለውን ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም አሳየ። ሶኒ ደግሞ በሐምሌ ወር 1979 (በኛ 1971 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ) ዎክማን የሚባለውን በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የኪስ ካሴት ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ሰው እየተራመደ ብቻውን ዘፈን መስማትን የለመደው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ካሴቱ ቀርቶ ድምፁ በቁጥር ተለውጦ የሚቀመጥባቸው ማጫወቻዎች ብቅ አሉ። በዚያ ዓመት ከወጡት አንዱ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ደህና ጥራት ላለው ድምፅ ግማሽ ሰዓት ያህል ማለት ነው። በ2001 አፕል አይፖድን አምጥቶ አንድ ሺህ ዘፈን ኪስ ውስጥ ከተተ። በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ያው ኩባንያ አይፖድን ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። ትልልቆቹ ሀገሮች ፊታቸውን ካዞሩበት በኋላም እነሆ እኛ እንከራከርበታለን፤ አያስቅም?

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። መምህር ለመሆን የሚማር ሰው ከጆሮ የበለጠ ምን መሣሪያ አለው? ፊደል ሁሉን አይናገርም። አማርኛን እዚህ ክልል ውስጥ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚማር ጓደኛችን «ገና» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ሲያገኘው በዓሉ ይሁን «እስካሁን አልሆነም» የሚባለው ይሁን ፊደሉ አይነግረውም። «ና» ጠብቆ ሲነገር በዓል ነው፤ ላልቶ ሲነገር ሌላ ነው። «ዋና» ጠብቆ ትልቁ ነገር፣ ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው። እንግዲህ «አለ» የሚለውን ደግሞ አስቡት። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት የሞከረ ያውቀዋል፤ ተማሪው አናቱን ይነቀንቃል እንጂ አልገባውም።

አማርኛ ተናጋሪዎቻችን በዚህ እንዳይኮሩ የሶማሊኛውን እንጨምር። «ኢናን» የሚለው ቃል ከፊት ከፍ ተደርጎ ሲነገር ወንድ ልጅ፣ ከኋላ ከፍ ተደርጎ ሲነገር ሴት ልጅ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከሌላ ክልል መጥቶ እዚህ ለማስተማር የሚዘጋጅ ሰው ይህን ከመጽሐፍ እንዴት ብሎ ይለያል? አይለይም። የቋንቋው ባለቤት ሲናገር ደጋግሞ መስማት አለበት፤ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ሰው ደግሞ ሠላሳ ጊዜ ድገምልኝ ቢሉት ይሰለቻል። ማጫወቻዋ አትሰለችም። አብዛኞቹ ደግሞ ድምፅ ይቀዳሉ። አንድ የሶማሊኛ ተናጋሪ ጓደኛ ሃምሳ ቃል ቀድቶ ቢሰጥ፣ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሃምሳ ቃል ቀድቶ ቢሰጥ፣ ማንም በጀት ሳይጠየቅ የቋንቋ ላቦራቶሪ ተቋቋመ ማለት ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ።

አሁን ንዴቱ። እሱ ብዙ ነው።

አንደኛ ነገር ርካሾቹ ማጫወቻዎች የኛን ፊደል አያውቁም። የአማርኛ ዘፈን ርእስ በአማርኛ ተጽፎ ከገባ መስታወቱ ላይ የሚታየው አራት ማዕዘን ሣጥን በሣጥን ነው፤ ሲብስም የጥያቄ ምልክት። ሶማሊኛ በላቲን ስለሚጻፍ የሶማሌ ጓደኞቻችን ዝርዝር ጥርት ብሎ ይነበባል። እነሱ ይስቁብናል። ይሳቁ፣ ተራቸው ነው።

ከዚያ ሚሞሪው አለ። ላዩ ላይ 32 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ከሩብ የማይበልጥ የሚይዝ ካርድ ገበያ ውስጥ ሞልቷል። ክፋቱ መሙላቱን አለመናገሩ ነው። አዲሱን እሺ ብሎ ይቀበላል፤ በኋላ ሲከፍቱት የድሮው ጠፍቶ ይገኛል፣ ወይም ዘፈኑ መሐል ላይ እንደሚንተባተብ ሰው ይሆናል። ሻጩን ቢጠይቁት «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይላል። ስለዚህ ካርድ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ በኮምፒዩተር እስከ አፉ አስሞልታችሁ መጀመሪያ የገባውንና መጨረሻ የገባውን ሁለቱንም አስከፍታችሁ ስሙ። ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

የማዳመጫው ሽቦ ሁልጊዜ የሚበጠሰው መሰኪያው አጠገብ ነው። አንድ ጆሮ ይሞታል፣ ከዚያ ሽቦውን በተወሰነ አቅጣጫ አጥፎ በጣት ይዞ መስማት ይመጣል። ባትሪውም ውስጧ የተጣበቀ ስለሆነ ሲደክም ዕቃው ሁሉ ደከመ። ዎክማኑ በዚህ በኩል ይሻል ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፤ ክሩ ሲወጣ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ማጠንጠን፣ ቢበጠስም በፕላስተር ማጣበቅ ይቻላል። ካሴት ሲታመም ይታወቃል፤ ይንቋረራል፣ ይጎተታል። ካርድ ግን ዛሬ ደህና ውሎ ነገ ጨርሶ ዝም ይላል።

ስለ ጆሮም አንድ ቃል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ጉዳት የለውም ይላል፤ ድምፁ ከዚያ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ከማዳመጫችሁ ውስጥ ዘፈኑን ከለየው በዝቷል ማለት ነው። ጆሮው የደከመ መምህር ከኋላ ወንበር የሚመልስን ልጅ አይሰማም።

ይህ ሁሉ ግን የዕቃው ጉድለት ነው፣ ይቻላል። እኛን ከሁሉ የሚያናድደን የሰው ጉድለት ነው። ካርዳችንን ከፍተን ብናይ ምን እናገኛለን? «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02»፣ «ያልታወቀ ዘፋኝ»። ማን ዘፈነው? ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? መቼ? ምንም የለም። በካሴቱ ዘመን ሽፋኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ዘፈን የሚጫንባቸው ሱቆች ሦስት መቶ ዘፈን በአንድ ጊዜ ዘርግፈው ይሰጡናል፤ ወረቀት የለም፣ ስም የለም፣ ለባለቤቱም ሳንቲም አይደርስም። እኛም ተቀብለን ዝም።

ይህ ነገር ደግሞ እዚህ አገር ሲሆን ይበልጥ ያሳፍራል። በሶማሌ የግጥም ባህል የሌላውን ሰው ግጥም በቃሉ የሚያነበንብ ሰው የገጣሚውን ስም ሳይጠራ አይጀምርም። ቃሉንም እንዳሻው መለወጥ ነውር ነው። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ የግመል እረኛ የሚጠብቀውን ሥርዓት ዲፕሎማ ልንይዝ የተዘጋጀን እኛ አልጠበቅነውም።

ካሴትም ወደዚህ ባህል ሲገባ ሥርዓቱን አላፈረሰውም። እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 «ዴሌይ» የተባለው የግጥም ሰንሰለት ሲነሣ፣ እነ ሐድራዊና ጋሪዬ ብዙ ሌሎች ገጣሚዎችም አንዱ ለሌላው እየመለሱ ሲቀኙ፣ ግጥሙ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በካሴት እየተቀዳ ነው። በየስንኙ በ«ደ» ድምፅ የሚጀምር ቃል መኖር ነበረበት፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። መንግሥትን የሚተች ግጥም ጋዜጣ ላይ መውጣት በማይችልበት ጊዜ አንዲት ካሴት ቀላል ነገር አልነበረችም። የሰሚው ጆሮም ይህ የማን ነው፣ ለማን መልስ ነው የሚለውን ያውቅ ነበር። ሐድራዊ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሐርጌሳ ውስጥ ዐረፈ። ድምፁ አለ። እኛ ካርድ ላይ ግን «ትራክ 17» ሆኖ ይሆናል።

ሐርጌሳን ካነሣን አይቀር፤ ከኛ ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሬዲዮ ጣቢያዋ የድምፅ ክሮች እንዳይጠፉ ተደብቀው፣ ከፊሎቹም መሬት ውስጥ ተቀብረው ነበር። በኋላ ወጡ። ዛሬ ሐርጌሳ የባህል ማእከል ከዚያና ከየሰዉ ቤት የተሰበሰቡ ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች አሉ፤ ወደ ኮምፒዩተርም እየተገለበጡ ነው። ሰዎች ከጦርነት ሲሸሹ ክር ይቀብራሉ፤ እኛ በሰላም አገር ተቀምጠን ካርዱ እስኪበላሽ እንጠብቃለን። በዚያው ጦርነት የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1991 ቀብሪበያ ላይ የስደተኞች ጣቢያ ተከፈተ። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አዛውንት ናቸው። ስንት ግጥም፣ ስንት የሠርግ ዘፈን፣ ስንት የእረኛ ዜማ በቃላቸው ይዘው እንደተቀመጡ ሄዶ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። ለልምምድ የሚሄደው ሠልጣኝ ማጫወቻውን ግቢ ትቶ ይሂድ የሚለውን ሐሳብ የምንቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያውም ይዞ ይሂድ!

ሲሄድ ግን በደንብ ይሂድ። «አደር፣ ልቅዳዎት ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ፈቃድ ይጠይቅ። እምቢ ካሉም ተመርቆ ይመለስ። ከፈቀዱ ደግሞ ገና ግጥሙ ሳይጀመር የተናጋሪው ስም፣ የገጣሚው ስም፣ ቦታውና ቀኑ በድምፅ ይቀዳ፤ በፋይሉ ስም ላይ ብቻ ከተጻፈ አንዱ ገልብጦ ሲወስድ ይለውጠዋል፣ በድምፅ የተነገረው ግን ከግጥሙ ጋር አብሮ ይኖራል። ማጫወቻው የጥራት ምርጫ ካለው ከፍ ያለው ይመረጥ። ድምፅን ኤምፒ3 አድርጎ ማሳነስ ማለት ጆሮ አይሰማውም የተባለውን እየጣሉ ማስቀመጥ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲያሳንሱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይሄዳሉ፤ «ሰ» እና «ፈ» ይደባለቃሉ፤ ለቋንቋ ትምህርት የሚፈለገው ነገር አለቀ ማለት ነው። በደህና ጥራት አንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው። ለአንድ አዛውንት ድምፅ አንድ ሜጋባይት አንንፈግ፤ ለማናውቀው ዘፈን ስንት ሰጥተናል።

ከዚያ ሲመለስ ሁለት ቅጂ ይደረግ። አንዱ ኮምፒዩተር ክፍል፣ ሌላው ሌላ ሕንፃ ውስጥ። አንድ ቦታ ያለ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዓርብ ከጸሎት መልስ ቢሆን ለሁሉም ይመቻል፣ ሁለት ሠልጣኞች ተረኛ ሆነው የመጣውን ይገልብጡ፣ ዝርዝሩን በደብተር በእጅ ይጻፉ። ደብተር ባትሪ አይጨርስም። ስለ ሥራው ደመወዝ አንጠይቅም፤ የክፍሉ ቁልፍ ግን ያስፈልገናል፤ ሁለተኛውንም ቅጂ የሚያስቀምጥልን ሰው እንፈልጋለን። የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ቁልፍ ያለው አንድ መሳቢያ ቢሰጡን ይበቃናል፤ መልሳቸውን በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ እንጠብቃለን።